በራችሁ ላይ የሚጮኸው ውሻ የማን ነው?

ውድ ልጆቼ፤

ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳ ወይም በሸዋ ሮቢት የራሳችሁን ሥራ ለከፈታችሁ ነው፤ ፋርማሲም ይሁን ካፌ፣ ፎቶ ቤትም ይሁን የእንግዳ ማረፊያ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ለምታስተናግዱም ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነበርሁ። ዕድሜዬ በግ ታመመ፣ በሬ አነከሰ፣ ውሻ ሰው ነከሰ ሲባል እየተጠራሁ አለፈ። እንስሳትን እወዳለሁ፤ ስለ ሥራ ቦታ ውሻና ድመት የምነግራችሁም ከዚሁ ፍቅር የመነጨ ነው።

በስልካችሁ የምታዩትን እኔም አያለሁ። በውጭ አገር ቢሮዎች ውሻ ከጠረጴዛ ሥር ተኝቶ፣ ድመት ኮምፒውተር ላይ ተጋድማ፣ ሠራተኛው ይሥቃል፣ ደንበኛው ይደባብሳል። በአሜሪካ ውሻን ይዞ ወደ ሥራ የመሄጃ ቀን ሳይቀር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ወር ይከበራል። እንስሳ መደባበስ የተጨነቀን ሰው እንደሚያረጋጋ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እኔም በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ነገር ግን እነዚያ ውሾች ባለቤት አላቸው። የክትባት ማስረጃ አላቸው። ሰው ቢነክሱ ተጠያቂው በስም ይታወቃል። የእኛ የሥራ ቦታ ውሻ አመጣጡ ሌላ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ይገኛል፤ ጥበቃው ትርፍራፊ ይጥልለታል፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ጸሐፊዋ ስም ታወጣለታለች፤ ከዚያ የግቢው ውሻ ይባላል። ሁሉም ያበላዋል፣ ማንም አያስከትበውም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ታማኝነቱ የተነገረ ነው፤ እውነትም ነው። ግን ይህ ታማኝ ውሻ በሥራ ቦታ በማን ላይ እንደሚጮኽ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በመኪና መጥቶ ደጃፉ ላይ በሚወርደው ሰው ላይ እምብዛም አይጮኽም። ሽታቸውን በለመደው ሠራተኞች ላይ አይጮኽም። የሚጮኸው ከመንዝ ወይም ከጅሩ ሌሊት ተነሥቶ በመጣው ገበሬ ላይ ነው፤ ዱላ ይዟል፣ ጋቢው በነፋስ ይርገበገባል፣ ትከሻው ላይ ስልቻ አለ። ልጅ ባዘለችው እናት ላይ ነው፤ ልጁ ሲያለቅስ ውሻው ይባስ ይቆጣል። ውሻው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ያልለመደው ሽታ መጣበት፣ ያልለመደው አካሄድ መጣበት፣ ከዚህ በፊት የቀመሰው ዱላ መጣበት። የሆነ ሆኖ ግን ደንበኞቻችሁን የሚመርጥላችሁ እርሱ ሆኗል፤ ከደጅ የሚመልሰውም አገልግሎታችሁን አብዝተው የሚሹትን ሰዎች ነው።

በወጣትነቴ ለሥራ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ ከአጥሩ ውጭ አንድ አዛውንት ቆመው አገኘሁ። ማለዳ ነበር፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ አልተነሣም። «አባቴ፣ ምነው አይገቡም?» አልኋቸው። «የሚገባ ሰው እየጠበቅሁ ነው ልጄ» አሉኝ፤ «ዱላውን ብይዝ ይቆጣብኛል፣ ብጥለው በምን እመክተዋለሁ?» አብረን ገባን። ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ደጎች ነበሩ፤ ወንበር ሰጧቸው፣ ጉዳያቸውንም በትሕትና ፈጸሙላቸው። በሩ ላይ ምን እንደሚደርስ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ለእነርሱ ውሻው የሚያሳያቸው ጭራውን ሲቆላ ነው።

የፈራ ሰው አይከሳችሁም። አቤቱታ አይጽፍም፣ የአስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ወረቀት አይጨምርም። ባለጉዳይ ከሆነ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ገበያተኛ ከሆነ ማዶ ያለው ሱቅ ይገባል። እናንተም ዘንድሮ ገበያው ቀዘቀዘ ትላላችሁ። ስለዚህ መስተንግዷችሁን ስትመዝኑ ከደፋሩ ደንበኛ ሳይሆን እጅግ ከሚፈራው ጀምሩ። አንድ ማለዳ ከበሩ ውጭ ቁሙና ሰው ሲገባ ተመልከቱ። ማን እንደሚያመነታ፣ ማን ልጁን ወደ ሌላኛው ጎኑ እንደሚያዞር፣ ማን ድንጋይ እንደሚያነሣ ታያላችሁ።

ውሻውን አባሩት አላልሁም። ሌሊት ንብረት ይጠብቃል፤ ጅብ በሚዞርበት አገር ጥቅሙን የሚያቃልል የለም። ቀን በሥራ ሰዓት ግን ከጓሮ በታጠረ ቦታ ይዋል፤ ማታ ይፈታ። በአጭር ሰንሰለት በሩ ላይ ማሰር መፍትሔ አይሆንም፤ ሲፈራ መሸሽ የማይችል ውሻ ይበልጥ ተናካሽ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ነፋስ የማይገባበት ማደሪያ ሥሩለት፤ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃም አይጓደልበት። ደግሞም የሚከሳና የሚያነክስ ውሻ ደጃችሁ ላይ ያየ ደንበኛ ስለ እናንተ የሚያስበው ነገር አለ፤ ይህን ያልጠበቀ የእኔን ዕቃ ይጠብቃል ወይ ይላል።

በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ መጻፍም አገልግሎት ለሚሰጥ ቤት አይሆንም። ለመኖሪያ ቤት ይሁን፤ ደንበኛ ለሚጠራ ሰው ግን አትምጡብኝ ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችን ደግሞ ጨርሶ አያነቡትም።

አሁን ስለ እብድ ውሻ በሽታ ልናገር፤ ብዙ ያስለቀሰኝ ነገር ነው። በዓለም ላይ ሰዎችን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ አለ፤ ሉዊ ፓስተር በመጀመሪያ የሰጠው በውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ዳነ። ይህን ያህል ዘመን መከላከያ ያለው በሽታ ዛሬም ልጆቻችንን ሲገድል ያንገበግበኛል። ለቡችላ የመጀመሪያው ክትባት ብዙውን ጊዜ በ3 ወር ዕድሜው ይሰጣል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። የክትባቱን ማስረጃ መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት፤ ከንግድ ፈቃዳችሁ አጠገብ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ለሚፈራ ደንበኛ ከብዙ ማባበያ ይልቅ ያ ወረቀት ያረጋጋዋል።

ደንበኛችሁ በግቢያችሁ ከተነከሰ ይቅርታ ከመጠየቃችሁ በፊት ውሃና ሳሙና አምጡ። ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ ራሳችሁ ይዛችሁት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጠበል ልሂድ የሚል ሰው ቢኖር አትሟገቱት፤ ክትባቱን ጀምሮ ጠበሉንም መጠመቅ ይችላል፤ የማይጠብቀው ክትባቱ ነው። ውሻውን ቸኩላችሁ አትግደሉት። ለ10 ቀን ተዘግቶ ይጠበቅ፤ እስከዚያ በጤና ከኖረ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ባለቤት የሌለው የግቢ ውሻ ግን በድንጋይ ሲባረር ይጠፋል፤ የተነከሰውም ሰው ከነጭንቀቱ ይቀራል።

ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት የከፈታችሁ በተለይ ስሙኝ። የምንኖረው በግ በሚረባበት አገር ነው፤ ከበጉ ጋር የሚዞር አንድ አደገኛ ትል አለ። በታመመ በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያን ጥሬውን ለውሻ ስትጥሉ ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅ፣ በአትክልት፣ በውሃ ወደ ሰው ይገባል። ሰውም በጉበቱና በሳንባው ላይ እንደዚያው ያለ እባጭ ይዞ ለቀዶ ሕክምና ይዳረጋል። ስለዚህ የተበላሸውን የውስጥ ዕቃ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ለውሻችሁም የትል መድኃኒት በየጊዜው ስጡት። ደንበኛ ቁርጥ እየበላ ከጠረጴዛው ሥር ውሻ የሚዞርበትን ቤት እኔ እንደ ጥሩ ቤት አልቆጥረውም፤ ሥጋው የቱንም ያህል ቢጥም።

የሰውንም እምነት አክብሩ። ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አጣዬ ወይም ወደ አንኮበር ቆላ ስትወርዱ ከደንበኞቻችሁ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ውሻ በምራቁ የነካውን ልብስ ሳያጥቡ አይሰግዱበትም። ውሻችሁ በፍቅር ተንጠራርቶ የአንዱን ሰው ልብስ ቢልስ፣ እናንተ ሥቃችሁ ያለፋችሁት ነገር ለእርሱ ቤቱ ተመልሶ ልብስ መቀየር ነው። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት አይገባም ተብሎ ያደገ ነው። ዓይነ ስውርን የሚመራ የሠለጠነ ውሻ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። የመጀመሪያው ማሠልጠኛ በጀርመን ኦልደንቡርግ እ.ኤ.አ. በ1916 በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ሲከፈት ጀምሮ እንዲህ ያለው ውሻ ለሰውዬው ዓይኑ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ማረፊያችሁ ቢመጣ ውሻውን ከእርሱ አትለዩት።

ድመት ቀለል ትላለች፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤቱ ያስገባታል። በወፍጮ ቤትና በእህል መጋዘን ለአይጥ ከእርሷ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም፤ መርዝ ከመበተን እርሷን መቀለብ ይበልጣል። በፋርማሲና በጤና ጣቢያ ግን ቦታ የላትም። ብዙ ሰው የድመት ፀጉር ያሳምማል ይላል፤ አስም የሚቀሰቅሰው ግን ከምራቋና ከቆዳዋ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ እርሷ ከሄደችም በኋላ ክፍሉ ውስጥ ለወራት ይቆያል። በእኛ ደጋ ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን እንውላለን፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ደንበኛው ከሚተነፍሰው አየር ጋር ይኖራል። የምትጸዳዳበትን አፈር በየቀኑ አጽዱ፤ በዐይነ ምድሯ ውስጥ ያለው ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሰው ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነውና። ነፍሰ ጡር የሥራ ባልደረባችሁን ይህን ሥራ አታዟት።

የመንዝ ልጆች፣ ስለ ጓሳ፣ በመንዝ ስላለው ጥብቅ የሣር ምድር፣ ሳልናገር አላልፍም። እንግዳው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ውስጥ የሚያድረው ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ያለውም ከ500 በታች ነው። ክፉኛ የሚያጠቃው ከቤት ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው የውሾች ወረርሽኝ ነው፤ በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። አባቶቻችሁ ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት፣ ማኅበረሰቡ ሣሩንና ግጦሹን በጋራ በሚጠብቅበት የቆየ ደንብ፣ ለዘመናት ጠብቀው አቆይተውላችኋል። አስጎብኚም ሁኑ የማረፊያ ሠራተኛ፣ ውሻ አስከትላችሁ ወደ ጓሳ አትውጡ። ያልተከተበ ውሻችሁ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ሊገድልበት ይችላል።

በደብረ ሲና አንዲት የማረፊያ ባለቤት አውቃለሁ። እንግዳ ደውሎ ክፍል ሲይዝ፣ «ውሻ አለን፤ ትፈራላችሁ ወይ? ልጆች አሉ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። የሚፈራ ካለ እስኪሄድ ድረስ ውሻው ከጓሮ አይወጣም። ልጆቹ ከወደዱት ደግሞ ራሷ ይዛው ትመጣለች፤ በእርሷ ፊት ይደባብሱታል። የእርሷን ያህል ጠንቃቃ ባለቤት ጥቂት ነው ያየሁት።

በመጨረሻ በመንገድና በግንባታ ፕሮጀክት ለምትሠሩ። ካምፕ ሲተከል ውሾች ይሰበሰባሉ፤ ከማዕድ ቤቱ ይበላሉ፣ ይወልዳሉ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ ውሾቹ ይቀራሉ። የሚያበላቸው ሲያጡ በመንጋ ሆነው የገበሬውን በግ ይፈጃሉ፣ ተማሪ ልጅ ያሳድዳሉ። የርክክብ ሰነዱን ስታዘጋጁ ከጀኔሬተሩና ከወንበሩ ቀጥሎ ውሾቹንም ጻፏቸው፤ እያንዳንዱን ማን እንደተረከበው፣ መቼ እንደተከተበ፣ ስሙም ማን እንደሆነ።