መልስ፦ የጃፓናዊውን ገጣሚ የሚያዛዋ ኬንጂን ግጥም በ32 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ ማድረግ

እህቴ፣ «ለዝናብ ሳይበገር» ብሎ የሚጀምረውን እ.ኤ.አ. የ1931 ግጥም በ32 ገጽ እንዴት እንደምትከፋፍዪው ጠይቀሻል። ለርዕስና ለኅትመት መረጃ የፊተኞቹን 3 ገጾች፣ ለማብቂያ የመጨረሻውን ተዪ፤ መሃሉ 14 ጥንድ ገጽ ይሆንልሻል።

ግጥሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ «እንዲህ ያለ ሰው መሆን እሻለሁ» የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። አማርኛም እንደ ጃፓንኛ ማሰሪያ አንቀጹን ኋላ ስለሚያደርግ ዕድለኛ ነሽ፤ እስከ 14ኛው ጥንድ አታውጪው። ሰውየው ምኞት እንጂ ያለ ሰው ስላልሆነ፣ እኔ ብሆን ፊቱንም እስከዚያ አላሳይም፤ ከጀርባው ይታይ።

ሰውየው ሰው ለመርዳት የሚሄድባቸው ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብና ሰሜን ለየብቻ አንዳንድ ጥንድ ይገባቸዋል።

ምግቡ በቀን 4 ጎ (የጃፓን መስፈሪያ ነው) ቡናማ ሩዝ ነው፤ ጥሬው 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንዲት ጎድጓዳ ሳህን ነጭ ሩዝ አይሣልም። የተሰነጠቀ መሬት ለድርቁ ስንኝ ነው። ለቀዝቃዛው በጋ (የጃፓን በጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው) ግን አረንጓዴ ሆኖ የቆመ፣ ፍሬ ያልያዘ የሩዝ ዛላ ሣዪ፤ ሩዙን የሚያመክነው ብርዱ ነው።

ሌላው፣ የጃፓን መጽሐፍ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ሲሆን ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ የእኛ ተቃራኒው ነው። ታዲያ ያለቀ ሥዕል በኮምፒውተር እንደ መስታወት አትገልብጪ፦ የኪሞኖው (የጃፓን ባህላዊ ልብስ) ግራ ጎን ከላይ መሆኑ ቀርቶ ቀኙ ከላይ ይሆናል፣ ያ ደግሞ የሬሳ አለባበስ ነው። ጉዞውን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ ንደፊው።

ከጠርዝ ውጭ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሥዕል ጨምሪ፤ ከመሃል ማጠፊያው በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፊትም ፊደልም አይግባ፣ ስፌቱ ይውጠዋል።