የአያትህ ውጅግራ እና የወንድምህ ጎሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ደቡብ አፍሪካ የሚሠራ ወንድሜ አሠሪው ፈቃድ አውጥቶለት ለጎሽ አደን ሊወጣ ነው። «ከጠመንጃ .300 ዊንቸስተር ማግነም ይሻላል ወይስ .375?» ብሎ ደወለልኝ። አያታችን መተከል ወርዶ ጎሽ የጣለው በውጅግራ ስለሆነ «ሰፊውን ያዝ» አልኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ መልስህ ልክ ነው፤ ምክንያትህ ግን አይደለም።

ውጅግራ የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ እኛ አፍ ላይ ሲደርስ ውጅግራ ሆነ። የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው። .375 የሚለካው በኢንች ስለሆነ ወደ 9.5 ሚሊሜትር ነው የሚመጣው። በስፋትማ የአያትህ ይበልጣል! ግን የውጅግራ እርሳስ፣ ማለት ተወርዋሪው የጥይቱ ጫፍ፣ 25 ግራም ሆኖ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። የ.375ቱ 19 ግራም ተኩል ያህል ነው፤ ፍጥነቱ 770 ሜትር ገደማ። ጉልበቱ ከእጥፍ ይበልጣል።

.300 ከዚያም ይፈጥናል፣ 900 ሜትር ይደርሳል። ለአጋዘን ግሩም ነው። የተለመደው እርሳሱ ግን 12 ግራም እንኳ አይሞላም። የጎሽ ወርች ደግሞ የፍየል ወርች አይደለም። በርካታ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽ ከ.375 በታች በሕግ የከለከሉት ያለ ነገር አይደለም። እርሳሱም አጥንት ሲያገኝ የማይበታተን፣ ጠንካራ ይሁን።

ታዲያ ለምን ከዚያም የሚበልጥ አይይዝም? ይራገጣላ! እኔ የደንግላ ልጅ፣ በጎልማሳነቴ ኦሞ ድረስ ወርጄ ለአዳኞች ዱካ እከተል ነበር። አንዱ እንግዳ .458 ይዞ መጣ። ቃታ ሲስብ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጎሹን ሆዱ ላይ መታው። ደሙ ፈርስ የተቀላቀለበት ነበር። ያን ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። ከቁመታችን በሚበልጥ ሣር ውስጥ እስከ ማታ ተከተልነው። ለካ ዞሮ የራሱን ዱካ እያየ ቆሞ ይጠብቀናል። አሥር እርምጃ ላይ ነው ያየሁት። ሌላው አዳኝ ባይደርስ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

ወንድምህ ኢላማ ሲለማመድ አንድ ሰው ጠመንጃውን ያጉርስለት። ሳይነግረው አልፎ አልፎ የማይተኩሰውን የመለማመጃ ጥይት ያስገባበት። ቃታው «ቀጭ» ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ፣ ርግጫውን እየፈራ ነው ማለት ነው። በ.375 ይህ ካልጠፋለት ጎሹን ይተወውና በ.300 አጋዘን ያድን። የሚያፍርበት ነገር የለም። ጎኑን ሲሰጠው ከፊት ወርቹ አጠገብ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ከታች ከቁመቱ ሲሶ ላይ ያልም። ወድቆም ቢሆን ይድገመው፤ ጥይት አይሰስት።

አንተ ግን ቤት ያለችውን ክላሽ ይዘህ ዓባይ በረሃ ለመውረድ እንዳታስብ። ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ ጥይቷም 8 ግራም ብቻ ናት፣ ድኩላውን አቁስላ ታስመልጥብሃለች።