አጋዘኑ ቀንዱን ጥሎ ሄደ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጓሮዬ የተከልኩትን ጎመን አጋዘን እየመጣ ይጨርስብኛል። የካቲት ላይ ደግሞ ልጄ አጥሩ ሥር አንድ ቀንድ አገኘ። አምስት ቅርንጫፍ አለው፤ ጫፉን የሆነ ነገር ፍቆታል። ለእናቴ በስልክ ሳሳያት «ምስኪን፣ ጅብ በልቶት ይሆናል» አለች። እውነት ሞቶ ነው? ዕድሜው አምስት ዓመት ነው ማለት ነው? የባሌው አጋዘንስ እንዲህ ቀንዱን ይጥላል?
የጎመኗ ባለቤት

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ አልሞተም። ይኼን ስታነቢ ምናልባት እዚያው አጥርሽ ጋ ቆሞ ይሆናል። ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል። ለእናትሽም ሜሪላንድ ጅብ እንደሌለ ንገሪልኝ። ተኩላውና ፑማ የሚባለው ትልቁ የዱር ድመትም ድሮ ጠፍተዋል፤ አጋዘኖቹ እንዲህ የበዙባችሁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስሙ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ጎመንሽን የሚበላው በእንግሊዝኛ «ዲር» (deer) ይባላል። እኔ ራሴ ባዮሎጂ ሳስተምር ስንት ዓመት «ዲር ማለት አጋዘን ነው» ስል ኖሬያለሁ። የዲር ወገን ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው አልጄሪያና ቱኒዝያ ብቻ ነው። የኛ አጋዘን፣ የቆላውም የደጋውም፣ የሥጋ ዘመዱ ላም ናት። ከጎመንሽ ጠላት ጋር ከተለያዩ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ልጅሽ ያገኘውን ቀንድ ገልብጠሽ ታቹን እዪው። ድፍን ነው አይደል? ከላይ እስከ ታች አጥንት ነው። አሁን ደግሞ የአያቶቻችንን ዋንጫ አስቢ። የበሬ ቀንድ ዋንጫ የሚሆነው ሽፋኑ ከውስጡ አጥንት ላይ ስለሚወልቅ ነው። ሽፋኑ የተሠራው ጥፍራችን ከተሠራበት ነገር ነው። የባሌው፣ ማለትም የደጋ አጋዘን ቀንድም እንደዚያው። ወንዱ አንዴ ካበቀለው እስኪሞት ይዞት ይኖራል፤ ቅርንጫፍም አያወጣም። ካንቺው ቀንድ ግን ዋንጫ አይወጣም።

የሜሪላንዱ በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ እንደ አዲስ ይጀምራል። ቀንዱ የሚያድገው ከፈይ የመሰለ፣ ደም የሚመላለስበት ቆዳ ለብሶ ነው። መስከረም ገደማ ቆዳው ይላጣል። ኅዳር ላይ ወንዶቹ ለሴት ይጋጠሙበታል። ያ ወቅት ሲያልፍ የወንዴ ሆርሞኑ ይወርድና ሥሩ ላይ ያለው አጥንት ይሟሟል። ከዚያ አንድ ቀን አጥር ሲዘል ዱብ!

አምስት ቅርንጫፍ አምስት ዓመት ማለት አይደለም። ጥሩ የበላ ጎረምሳ ብዙ ያወጣል፤ ያረጀና የተራበ ጥቂት። ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ ነው። በነገራችን ላይ ጎመኑን የበላው እሱ መሆኑንም ጥርሱ ይነግርሻል። ልክ እንደ ላም ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ቅጠሉን ይቦጭቀዋል። ዳሩ የተተለተለ ከሆነ እሱ ነው። በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ ጥንቸል ትሆናለች። አጥር ካሰብሽ ከ2 ሜትር ተኩል አይነስ፤ ከዚያ ያነሰውን ይዘለዋል።

የባሌውን እኔ ያየሁት ዲንሾ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ጥዱ ሥር አንድ ወንድ ቆሞ ያመሰኳል፣ እንፋሎት ካፍንጫው ይወጣል። ጉንጩ ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ አለው። ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዞር ብሎ አየኝና ማመስኳቱን ቀጠለ። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም አይገኝም። እናትሽ ቤት የ10 ሳንቲም ዝርዝር ካለ ጀርባው ላይ ያለው እሱ ነው፤ ለልጅሽ ፎቶ አንስታ ትላክለት።

የቀንዱን ጫፍ የፋቀው ስኩዊረል (ዛፍ ላይ የምትሯሯጠው ጭራ ጎፈሬዋ) ወይም አይጥ ነው። ካልሲየም ፍለጋ አጥንት ይፍቃሉ። ደጅ ከተውሽው ይጨርሱታል፤ ልጁ ከፈለገው ቤት አስገቢለት።