«ባስልኤል» የፈረንጅ ስም ነው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሞጣ ከተማ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህ ወር ወንድ ልጅ ተወልዶልኛል። ኦሪት ዘፀአትን ሳነብ ያገኘሁትን «ባስልኤል» የሚለውን ስም ላወጣለት አሰብኩ። አባቴ «ይኼ የፈረንጅ ስም ነው፤ ይበልጣል በሉት» አሉ። ባለቤቴ «ቤዛ ለኤል ማለት ነው፣ ደስ ይላል» ትላለች። ጎረቤቱ ደግሞ ከወዲሁ ባስልዮስ እያለ ይጠራዋል። ትርጉሙ ምንድን ነው? በዚህ ስም የሚጠራ ሰውስ አለ?
የልጁ አባት፣ ከሞጣ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ባለቤትህን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በልልኝ።

ከአባትህ ልነሣ። ስሙ ዕብራይስጥ ነው፤ ዕብራይስጥ ደግሞ ለግዕዝ የሥጋ ዘመዱ ነው። ስሙን ብትፈታው «በ»፣ «ጼል» እና «ኤል» ይወጡታል። «በ» ያው የኛው «በ» ነው። «ጼል» ጥላ ነው፤ በግዕዝ ጽላሎት የምንለው። «ኤል» አምላክ። ሲገጣጠም «በአምላክ ጥላ ሥር» ይላል። አባትህ ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል ወይነብር ውስተ ጽላሎቱ ለአምላከ ሰማይ» ሲሉ ኖረዋል፤ የልጅ ልጃቸውን ስም ትርጉም በቃላቸው ይዘውታል ማለት ነው። ጸዋ ወደ ሰ የተለወጠችው በመንገድ ላይ ነው። ኦሪት ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከጽርዕ (ከግሪክኛ) ሲሆን፣ ጽርዕ ጸ የሚባል ድምፅ ስለሌለው በሰ ጻፈው፣ የኛም ሰዎች እንዳለ ተቀበሉት።

የባለቤትህ ፍቺ ለጆሮ ያምራል። ነገር ግን ቤዛ ከግዕዙ «ቤዘወ» የወጣ ነው፤ ከዚህ ስም ጋር አይዛመድም። ደግሞስ ኤል ራሱ ቤዛ ይሆናል እንጂ ቤዛ ያሻዋል እንዴ? ቀስ ብለህ ንገራት፤ አራስ ናት።

ባስልዮስ ሌላ ስም ነው። ከጽርዕ የመጣ፣ «ንጉሣዊ» እንደማለት ነው። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ አለ፤ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስም አሉ። የከበረ ስም ነው፣ የልጅህ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ሰውየው። ዘፀአት 31ን ገልጠህ እይ። ሙሴ ደብተራ ኦሪትን (የመገናኛውን ድንኳን) እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ እግዚአብሔር «በስሙ ጠርቼዋለሁ» ያለው አንድ ባለእጅ ነው፤ የኡሪ ልጅ፣ የሆር የልጅ ልጅ፣ ከይሁዳ ነገድ። አያቱ ሆር እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ የሙሴን እጅ ከአሮን ጋር ደግፎ የዋለው ነው። ባስልኤል ወርቅና ብር፣ ናስም ይሠራል፣ ዕንቍ ይቀርጻል፣ እንጨት ይጠርባል። መንፈሰ እግዚአብሔር የመላበትም ለዚሁ ለእጁ ሥራ ነው። እኔን ዕድሜ ልኬን ጉባኤ ዘርግቼ የኖርኩትን ግን ከሁሉ የምትነካኝ በምዕራፍ 35 ያለችው ናት፤ ሙያውን ለሌላው ያስተምር ዘንድ በልቡ አኖረበት ይላል።

ታቦቱን ከግራር ሠራው። አንተ አናጢ ስለሆንክ ግራር ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ መላጊያ ያደነዝዛል፣ አንጓው ላይ ሲደርሱ መሮ ይመልሳል። (አዊ ውስጥ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍም የአውስትራሊያ መጤ ይሁን እንጂ የዚያው የግራር ወገን ነው። ለታቦት ያሰበው ግን የለም።) ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ክንድ ተኩል ነው። በሜትርህ ስትለካው ርዝመቱ 1 ሜትር ከ10 ገደማ፣ ወርዱና ቁመቱ ወደ 70 ሳንቲም ይጠጋል፤ ቁመቱ አንተ ከምትሠራው ቁም ሣጥን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያንን ውስጡንም ውጩንም በጥሩ ወርቅ ለበጠው። መቅረዙን ከነቅርንጫፉ ከነአበባው ከአንድ መክሊት ወርቅ ቀጥቅጦ አንድ ወጥ አድርጎ አወጣው። የመታጠቢያውን ሰን ደግሞ የሠራው ከሴቶች መስተዋት ነው፤ የዚያን ዘመን መስተዋት የተወለወለ ናስ ነበርና።

ሌላም አለ። ሕዝቡ ለሥራው የሚያመጣው ከመብዛቱ የተነሣ ሠራተኞቹ ሙሴ ዘንድ ሄደው «ከሚበቃው በላይ አመጡ» አሉት፤ ሙሴም መዋጮው ይቁም ብሎ አሳወጀ። እኔ የቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ አባል ሆኜ አገልግያለሁ፤ እዚህ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ብቻዬን እስቃለሁ።

እንግዲህ አስበው። አክሱም ጽዮን ናት ብለን የምናምናት የዚህ ሰው እጅ ሥራ ናት። ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ጣና ቂርቆስ ተቀምጣለች የሚለውን የደሴቲቱን ትውፊት ጎጃም ያደገ ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤትህ መርጡለ ማርያምም ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋባት ነበር ትባላለች። በየደብሩ ታቦት ሲወጣ እልል እንላለን፣ እንሰግዳለን። የመጀመሪያውን የጠረበው ሰው ስም ግን በአገራችን የተለመደ የልጅ ስም አልሆነም። ሙሴ አለን፣ አሮን አለን። ይባስ ብሎ የባስልኤል ረዳት የነበረው ኤልያብ (ከዳን ነገድ፣ የአሂሳሚክ ልጅ) ዛሬ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ይጠራል፤ እርግጥ ስሙ ከዳዊት ወንድም ጋር አንድ ስለሆነ ወላጆች የትኛውን እንዳሰቡ እነሱ ያውቃሉ። የዋናው ባለሙያ ስም ግን እምብዛም አይሰማም። እኔም በጉባኤዬ ያለፈ ባስልኤል የሚባል ተማሪ አላውቅም።

ለምን እንደሆነ የመሰለኝን ልንገርህ። አንደኛ፣ የጎጃም ስም ከቤት ጉዳይ ይወለዳል። ልጅ እየሞተ ያስቸገረው ቤት አንሙት ይላል፤ የሞተውን የሚያስንቅ ሲመጣ ይበልጣል ይባላል፤ ምንይችል፣ ስማቸው፣ የሻነህ ሁሉም የየቤቱ ታሪክ ነው። የመጽሐፍ ስም ለክርስትና ይቀመጣል። ሁለተኛው ግን ያሳፍራል። እኛ ባለእጅ ስንንቅ ኖረናል። ማረሻውን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ማታ ከደጃችን ስናርቀው፣ ጥበቡን ለብሰን ሸማኔውን ስናዋርደው። ነገሩ ብሶ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እንዲህ ባለ አገር ለልጁ የባለእጅ ስም የሚያወጣ ከየት ይመጣል? አንተ በመጋዝና በመዶሻ የምታድር ሰው ስሙን መምረጥህ እኔን ደስ ያሰኘኝ ለዚህ ነው።

አይሁድ ስሙን አልጣሉትም። በመጽሐፍ ቅዱስ እንኳ ከእርሱ ሌላ አንድ ባስልኤል በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 10 ላይ ተቆጥሯል። የሊቃውንቶቻቸው መጽሐፍ ታልሙድ ባስልኤል ሰማይና ምድር የተፈጠሩባቸውን ፊደላት ማገጣጠም ያውቅ ነበር ይላል፤ ሥራውን የጀመረውም ገና በ13 ዓመቱ ነው ብለው ይቈጥራሉ። ሙሴም በጥበቡ ተገርሞ «በአምላክ ጥላ ሥር ነበርክ እንዴ?» አለው ብለው ስሙን ይፈቱታል። በ1609 እ.ኤ.አ. ያረፉት የፕራግ ስመ ጥር ራቢ ይሁዳ ሎው «ቤን ቤዛሌል» ይባላሉ፤ አባታቸው በዚህ ስም ይጠሩ ነበርና። በ1906 እ.ኤ.አ. ቦሪስ ሻትስ የሚባል ቀራፂ ኢየሩሳሌም ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍት ቤዛሌል አለው፤ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይሠራል። ለልጅ የሚያወጡት በተለይ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ አይሁድ ናቸው፤ በቤት «ጻሊ» እያሉ ያቆላምጡታል። ዞሮ ዞሮ በዓለምም ቢሆን ብርቅ ስም ነው።

ለአባትህ እንዲህ በላቸው፦ ስሙ የኦሪት ነው፣ ሰውየውም ታቦት የሠራ ነው። ካልረኩ እሳቸው ይበልጣል ብለው ይጥሩት። በኛ አገር አያት የልጅ ልጁን ራሱ ባወጣለት ስም ቢጠራ የሚከፋ የለም፤ አርባ ቀን ሲሞላው ደግሞ የንስሐ አባትህ ሌላ የክርስትና ስም ይጨምሩለታል።

የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጣ ግን አጠገቡ ቆመህ አስጽፍ፤ አለዚያ ባስልዮስ ሆኖ ይመጣል። በፈረንጅኛውም አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ «ቤዛሌል»፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ደግሞ «ቤዛሊኤል» ስለሚል አንዱን ምረጥና ለትምህርት ቤቱም ለፓስፖርቱም በዚያው ጽና። በኛ ፊደል በእሳቱ ሰ ነው፣ በንጉሡ አይደለም፤ «ኤ»ዋም የአልፋው ናት።