ላስቲኩን ከታች ያንጥፉት፦ ክረምቱን ለሚቆም ካራቫን ስለሚሆን ሽፋን

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ በጨረታ የገዛሁት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ካራቫን አለኝ። ውስጡ ሁለት አልጋ፣ ቁም ሣጥንና አነስተኛ ማብሰያ አለው። በበጋ ለመስክ ሥራ እየጎተትኩ እጠቀምበታለሁ፤ ክረምቱን ግን ደሴ በሚገኘው ግቢያችን ሣር ላይ ይቆማል። ባለፈው ክረምት በወፍራም ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን እስከ መሬት አውርጄ በገመድ አሰርኩት። በመስከረም ስገልጠው ጣሪያው ጠብታ እንኳ አላስገባም፤ ፍራሾቹ ግን ሻግተዋል፣ ቁም ሣጥኑ አብጧል፣ የበሩ ማጠፊያዎችም ዝገዋል። ዝናብ ካልገባ እርጥበቱ ከየት መጣ? ዘንድሮስ ምን ዓይነት ሽፋን ልግዛ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካራቫንዎን የጎዳው ከመሬት የተነሣውና ከውስጥ መውጫ ያጣው እንፋሎት ነው። እርጥብ ሣር ላይ የቆመ ተሳቢ ዙሪያውን በላስቲክ ሲታጠር፣ ከአፈሩ የሚተንነው ውኃ ወለሉ ሥር ይታመቃል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝና በሐምሌና በነሐሴ ጉም የሚበዛባት ከተማ በመሆኗ፣ ቀን ጥቂት ሞቅ ሲል የተነሣው እንፋሎት ሌሊት ሲቀዘቅዝ በላስቲኩ የውስጥ ገጽ፣ በብረቱና በመስኮቶቹ ላይ ወደ ውኃነት ይመለሳል። ይህ ሌሊት በሌሊት ሲደጋገም ለሻጋታና ለዝገት ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ሽፋን ሲመርጡ ዝናብ መከልከሉን ብቻ ሳይሆን እንፋሎት ማሳለፉንም ይመርምሩ። ለካራቫን ተብለው የሚሠሩት ደህና ሽፋኖች ብዙ ድርብ ካለው የፖሊፕሮፒሊን ጨርቅ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ጎናቸው ላይ የአየር መውጫ ኪስ ያላቸውም አሉ። ሻጩ የሚነግርዎትን በራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ከጨርቁ ቁራጭ በፈላ ውኃ የተሞላ ስኒ አፍ ላይ ይወጥሩና ደረቅ ብርጭቆ ይድፉበት። ብርጭቆው ጉም ከለበሰ ጨርቁ እንፋሎት ያሳልፋል፤ ጠርቶ ከቀረ ከላስቲክ አይለይም። የጭነት መኪና ሸራም ጥንካሬው ባያጠያይቅም በላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ፣ በቀጥታ ካራቫኑ ላይ ቢያለብሱት ያው ችግር ይመለሳል።

ተስማሚውን ጨርቅ ካላገኙ አይጨነቁ፤ እንዲያውም ለደሴ ክረምት ከማንኛውም ልብስ የምመርጠው ከፍ ብሎ የተወጠረ ሸራን ነው። በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ከካራቫኑ ጣሪያ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ያለ ዳስ ያቁሙ፤ ሸራውን ውኃ እንዳይቋጥር በአንድ ወገን አዘቅዝቀው ይወጥሩት፤ ጎኖቹን ግን ክፍት ይተዉአቸው። በነፋስ የሚመጣው ዝናብ ግድግዳውን ቢያረጥበውም፣ ያው ነፋስ መልሶ ያደርቀዋል። ከላይ የነበረውን ላስቲክ ደግሞ ከታች ያንጥፉት፤ ሣሩን አጭደው፣ መሬቱን ውኃ እንዲወርድ አዘቅዝቀው፣ ላስቲኩን ዘርግተው ጠጠር ቢያፈሱበት የአፈሩ እርጥበት ወደ ወለሉ አይደርስም።

ሽፋን የሚገዙ ከሆነ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን የጣሪያውን መተንፈሻና ትርፍ ጎማውን ጨምረው ይለኩ፤ የመጎተቻውን ክንድ ለብቻው ይለኩት። የሰፋ ሽፋን በነፋስ እየተራገበ ቀለሙን ይፍቃል፤ የጠበበውም ማዕዘን ላይ ይቀደዳል። ሹል ማዕዘኖችን አስቀድመው በስፖንጅ ይጠቅልሉ፤ ማሰሪያውንም በሆዱ ሥር ሲያሳልፉ የጋዝ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ከመሸፈንዎ በፊት ካራቫኑን አጥበው፣ በሮቹን ከፍተው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት። ፍራሾቹን ወደ ቤት ያስገቡ፤ የሻገቱትን ግን መልሶ መተኛት ለጤና ስለማይበጅ ይለውጧቸው። የውኃ ማጠራቀሚያውን ያፍስሱ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ዘግተው አውጥተው አየር በሚያገኝ ቦታ ያስቀምጡ፣ የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ፣ የቁም ሣጥኑን በሮችም ክፍት ይተዉ። ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቀን ገባ ብለው ማናፈስዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ተሳቢዬን የሸፈንኩበት ሰማያዊ ሸራ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሸራዎን የጨረሰው ፀሐይ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብላና ሞቃ ብትገኝም አሁንም ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ተራውን የፖሊኤቲሊን ሸራ በቶሎ ያደርቀዋል። ጨረር መከላከያ የተጨመረበትን፣ በቀለሙም ፈካ ያለውን ይግዙ። ጎማዎቹም በዚሁ ጨረር ስለሚሰነጣጠቁ ለየብቻ ይሸፍኗቸው፤ ሽፋኑን ከመግፈፍዎ በፊት ደግሞ ላዩ ላይ የተኛውን አቧራ በውኃ ያውርዱት፤ አለዚያ ሲጎትቱት አሸዋው ቀለሙን ይቧጥጠዋል።