ወንዙ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ ከለንደን ወጣ ብዬ በቦክስ ሂል ሥር የሚያልፈውን የሞል ወንዝ ለማየት ሄድኩ። ከመረማመጃ ድንጋዮቹ አልፌ ወደ ሌዘርሄድ ስወርድ ግን ያገኘሁት ደረቅ ጠጠር ነው። ጥር ላይ ስመለስ ደግሞ ድንጋዮቹን ራሳቸውን ውሃ ውጧቸዋል። አንድ ወንዝ እንዴት ሁለት ጠባይ ይኖረዋል? በእንግሊዝኛ «ሞል» ፍልፈል ነው፤ ስሙስ ከዚህ ይሆን?

መልስ፦ ጠባዩን የሚለዋውጠው የሚሄድበት መሬት ነው። ሞል ምዕራብ ሳሴክስ ውስጥ፣ ረስፐር መንደር አካባቢ ይነሳል፤ በጋትዊክ አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሥር በቦይ ይሾልካል። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኢስት ሞልሲ ላይ፣ ከሃምፕተን ኮርት ማዶ፣ ቴምዝ ይገባል። እስከ ዶርኪንግ ከተማ ያለው መሬት በአብዛኛው ሸክላማ ነው። ሸክላ ውሃ ቶሎ አያሰርግምና ዝናቡ እንደወረደ ወደ ገባሮቹ ይንደረደራል፤ ወንዙም በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። በጥር ወር ያዩት ሙላት ይህ ነው።

ከዶርኪንግ ወዲያ ወንዙ ቦክስ ሂል ያለበትን የኖርዝ ዳውንስ ኮረብቶች ሰንጥቆ ያልፋል። እነዚህ ስንጥቅ የበዛባቸው ነጭ የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ በወንዙ ወለልና ዳር ውሃ የሚውጡ ጉድጓዶች አሉ። ዳር ላይ ያሉት ቅጠልና ጭራሮ የሞላባቸው ተራ ጉድባዎች ስለሚመስሉ መንገደኛ ልብ አይላቸውም። በሞቃቱ ወራት የከርሰ ምድር ውሃው ከወንዙ ወለል በታች ይወርዳል፤ ያኔ ወንዙ ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። ከላይ የሚመጣው ጉድጓዶቹ ከሚውጡት ካነሰ፣ የሚቀረው እዚህም እዚያም ያቆረ ኩሬ ብቻ ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ድርቅ እንዲህ ሆኖ ነበር። የተዋጠው ውሃ ግን አልጠፋም፤ ሌዘርሄድ አጠገብ በምንጭ መልክ ይወጣል።

ስለ ስሙ፦ ወንዙ እንደ ፍልፈል መሬት ውስጥ ስለሚገባ ነው የሚለው ያምራል፤ እኛም ብንወደው እውነት አይደለም። ቀድሞ የነበረው የሞልሲ ስም ነው፤ የወንዙ ስም ከዚያ ተቀንጭቦ ወጣ። የወንዙ የቀድሞ ስም ርዝራዥ፣ ከኤሸር በታች ተገንጥሎ በሚሄደው ኤምበር በተባለው ቅርንጫፍ ላይ ቀርቷል።

ዳግመኛ ሲሄዱ በመንግሥት የወንዝ መለኪያ ድረ ገጽ ላይ ሁለት ጣቢያዎችን ያነጻጽሩ፤ ካስል ሚል ከኖራው በላይ፣ ሌዘርሄድ ከታች ነው። ካስል ሚል ላይ ውሃው በጣም ቀንሶ ካዩ መሃሉ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ከፍ ብሎ ካዩ ግን 17ቱን ድንጋዮች አይሞክሯቸው፤ የእግረኛ ድልድዩ እዚያው ቅርብ ነው።