«ታይፕ» 1 ማለት ኬብል ማለት አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላስታውስ፦ ማራኪ አካባቢ ላለው ላብ የሊኑክስ ማሽኖቹን የኔትወርክ ኢንተርፌስ የሚቆጥር ስክሪፕት ጽፈሃል። ሲስ፣ ክላስ፣ ኔት የሚለው ማውጫ ሥር ገብተህ የእያንዳንዱን ኢንተርፌስ «ታይፕ» ፋይል ስታነብ ኬብሉም 1፣ ዋይፋዩም 1፣ በዩኤስቢ የተሰካው ስልክም 1 ይልሃል። ቪፒኤኑ ደግሞ 65534። ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው እምብርት) ተሳስቶ ነው ወይ ብለሃል።

አልተሳሳተም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዕቃው ሳይሆን ፓኬቱ ላይ ስለሚለበሰው ሄደር፣ ማለትም ከፊቱ ስለሚቀመጠው የአድራሻ መረጃ ነው። ኤአርፒ (ከአይፒ አድራሻ የካርዱን አድራሻ የሚያገኘው ፕሮቶኮል) በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መልእክቱ ውስጥ የሃርድዌር ዓይነት የሚጻፍበት 16 ቢት ቦታ ተሰጠው፤ ኢተርኔት 1 ሆነ። ከርነሉም ያንኑ ቁጥር ወስዶ የእያንዳንዱን ኢንተርፌስ መረጃ በሚይዘው «ኔት ዲቫይስ» በሚባለው ስትራክት ውስጥ አስቀመጠው። ኤአርፒ የማይጠቀሙት ከ256 ጀምሮ ከርነሉ ራሱ የመደበላቸው ናቸው፦ ፒፒፒ 512፣ የአይፒ ታነል 768፣ ሉፕባክ (ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት) 772፣ ጂአርኢ 778። ምንም የሊንክ ሄደር የሌለው 65534 ይባላል፤ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤንና ታን (አይፒ ፓኬት ለፕሮግራም የሚያቀብል የሶፍትዌር ኢንተርፌስ) እዚህ ይገባሉ። ታፕ ግን ከታን ጋር አንድ ድራይቨር ቢጋራም የኢተርኔት ፍሬም ስለሚይዝ 1 ነው።

ዋይፋይ 1 የሚለው በአየር ላይ የሚሄደው የዋይፋይ ሄደር ወደ ላይኛው የኔትወርክ ክፍል ሳይደርስ በኢተርኔት ሄደር ስለሚተካ ነው። ካርዱን ሞኒተር ሞድ (በአየር ላይ ያለውን ሁሉ የሚያዳምጥበት አሠራር) ላይ አድርገህ እንደገና አንብበው፤ ብዙውን ጊዜ 803 ይሆናል፣ ምክንያቱም አሁን ጥሬው የዋይፋይ ፍሬም ከሬዲዮ መረጃው ጋር እየመጣ ነው። ካርዱ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ተቀየረ። በሶፍትዌር የሚፈጠሩት ብሪጅ፣ ቪላን፣ ቪኢቲኤች (ጥንድ ሆኖ የሚፈጠር የሶፍትዌር ኬብል)፣ ደሚ (ለሙከራ የሚሆን ባዶ ኢንተርፌስ) ሁሉም 1 ናቸው። ስለዚህ 1ን «ኬብል» ብለህ ከቆጠርክ የላቡ ቁጥር መቼም አይገጥምም።

በስም መለየትም አይሞከር። ኢቲኤች የሚለው ቅድመ ቅጥያ ከከርነሉ የሚመጣ፣ ኢኤንና ደብሊውኤል የሚሉት ደግሞ በዩደቭ (ዕቃ ሲሰካ ስም በሚሰጠው ፕሮግራም) የሚሰጡ ናቸው፤ የማሽኑ አስተዳዳሪም ሊቀይራቸው ይችላል። ኮንቴይነር ውስጥ ኢቲኤች0 የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ የቪኢቲኤች ጫፍ ነው። የኢንተርፌሱን ተራ ቁጥር መዝግበህ በእሱ መለየትም አያዋጣም፤ ሞደሙ ተነቅሎ ሲሰካ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ «ፍላግስ» የሚለውን ፋይል አንብበህ የ8 ዋጋ ያለው ቢት ካለ ሉፕባክ ነው፣ እለፈው። ቀጥሎ ታይፑ ከ1 ውጭ ከሆነ ከላይ ባሉት ቁጥሮች ለየው። 1 ከሆነ ግን «ዩኢቨንት» የሚለውን ፋይል ክፈትና «ዴቭታይፕ» የሚል መስመር ፈልግ፤ ዋይፋይ «ደብሊውላን»፣ የሞባይል ሞደም «ደብሊውዋን»፣ ብሪጅ፣ ቦንድ (ብዙ ካርዶችን እንደ አንድ የሚያጣምረው)፣ ቪላንና ብሉቱዝም በየስማቸው ይጻፋሉ። የሞባይል ሞደሙን በታይፕ ብቻ አትመነው፤ ኪውኤምአይ የሚባለውን ፕሮቶኮል የሚጠቀም ሞደም በኢተርኔት አሠራር 1፣ በጥሬ አይፒ አሠራር 65534 ይላል፣ ስለዚህ ይህን መስመር ታይፑ 65534 ለሆነውም እየው። ተራ የኬብል ካርድ ዴቭታይፕ የለውም፣ ቪኢቲኤችና ደሚም የላቸውም። እነዚህን የሚለያቸው «ዲቫይስ» የሚባለው ሊንክ ነው፦ ካለ ከጀርባው እንደ ፒሲአይ ወይም ዩኤስቢ ያለ ዕቃ አለ፣ ከሌለ በሶፍትዌር የተፈጠረ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን ቨርትአይኦ የሚባለው ምናባዊ ካርዱም ይህ ሊንክ ስላለው ሊንኩ የሚያመለክትበትን ባስ (ዕቃው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ማየት አትርሳ። በዩኤስቢ የተሰካው ስልክህ እዚህ ላይ ነው የሚያዘው፤ ከዲቫይስ ሥር የድራይቨሩን ሊንክ ተከተል፣ አርኤንዲአይኤስ ሆስት ወይም ሲዲሲ ኤንሲኤም የሚል ከሆነ ስልክ ሊሆን ይችላል።

የሶፍትዌሮቹን ዝርያ ማወቅ ከፈለግህ ፋይል ከማገላበጥ ይልቅ «አይፒ ሊንክ» የሚለውን ትዕዛዝ በዲ አማራጭ አስኬደው። ዝርያውን በኔትሊንክ (ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር በሚነጋገሩበት መንገድ) ስለሚያመጣ ቪኢቲኤችን፣ ደሚን፣ ዋየርጋርድን በስማቸው ይጠራቸዋል። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የሚሠራ ከሆነም ውጤቱን አንዴ አንብቦ አይያዝ፣ የኔትሊንክ ማስታወቂያ ያዳምጥ። ሞኒተር ሞድን አይተሃል፤ ቦንድም የመጀመሪያው አባሉ ኢንፊኒባንድ (ሌላ የኔትወርክ ዓይነት) ከሆነ ታይፑን ወደ 32 ይቀይራል። ታን ላይም ኢንተርፌሱ ዳውን (የቦዘነ) ሲሆን ታይፑን አይኦሲቲኤል በሚባለው የከርነል ጥሪ መቀየር ይቻላል።

ወደ ድራይቨር መጻፍ የምትሄድ ከሆነ አንድ ወጥመድ ልንገርህ። ኢንተርፌሱን በኢተርኔት ማስጀመሪያው ከፈጠርከው «ኢተር ሴትአፕ» ታይፑን 1፣ የሄደሩን ርዝመት 14፣ የአድራሻውን ርዝመት 6፣ ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) 1500 አድርጎ ይሞላልሃል። በራስህ ማስጀመሪያ ፈጥረህ ታይፑን መሙላት ከረሳህ ግን ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ 0 ይሆናል፣ 0 ደግሞ ኔትሮም የሚባለው የአማተር ሬዲዮ ፕሮቶኮል ነው። ኮምፓይለሩ ምንም አይልህም። የምታየው ውጤት ሌላ ቦታ ነው የሚወጣው፦ ከርነሉ የአይፒቪ6 ሊንክ-ሎካል አድራሻ የሚሰጠው ለሚያውቃቸው ታይፖች ብቻ ስለሆነ በኤፍኢ80 የሚጀምረው አድራሻ አይመጣም፤ ሰውም አይፒቪ6ን ሲፈትሽ ይውላል። ሄደር የሌለው መሣሪያ ከሆነ 65534 ስጠው፤ አዲስ ቁጥር ከራስህ አትፍጠር፣ ቲሲፒዳምፕን የመሰሉ ፓኬት የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ፓኬቱን እንዴት እንደሚያነቡት የሚወስኑት በዚሁ ቁጥር ነው።

ለስክሪፕትህ አሁን የሚበቃው 1ን ካነበብክበት መስመር በኋላ የዴቭታይፕና የዲቫይስ ምርመራዎቹን መጨመር ነው። ከዚያ በኋላም የማይገጥም ማሽን ካለ የዚያን ኢንተርፌስ ዩኢቨንት እንዳለ ገልብጠህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።